ሠላሳ ስምንት ፋኖስ

«ምልክቱ እንዳይታይ አድርገሽ ፍቺልኝ እህቴ፤ መቼም እጅሽ የታወቀ ነው» አለች ደንበኛዋ፣ ሹራቡን ከፌስታሉ ሳታወጣ ፌስታሉን ራሱን ወደ ስፌት መኪናው እየገፋች። ልብስ ሰፊዋ ሹራቡን አወጣችና ደረቱን ገልብጣ አየችው። ቢጫ ፋኖስ ተሰፍቶበታል፤ የላይኛው ትምህርት ቤት አርማ ነው። በምትኩ ምን እንደሚሰፋበት ስትጠይቅ፣ ደንበኛዋ ወደ በሩ ዞር ብላ ሰው አለመኖሩን አየችና «መጽሐፉን» አለች። መጽሐፉ የታችኛው ነው። «ምነው? የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሁለት ወር ሲቀረው ልጅ ከትምህርት ቤቱ ይነቀላል እንዴ?» «ቤት ቀየርን። መንገዱ ራቀው» አለች ሴትየዋ፣ ሂሳቡንም ሳትከራከር ከፍላ ወጣች። ይህችው ሴት ገና አሁን፣ ከሱቁ ደጃፍ ላይ፣ አትክልት ሻጩን «ድንቹን ማታ ስታልፍ ጣልልኝ፣ ያው የድሮው ቤታችን» ስትለው ልብስ ሰፊዋ በመስኮቱ ሰምታታለች። ሰምታ እንዳልሰማ ሆነች። ልብስ ሰፊ የሰማውን ሁሉ ቢያወራ ደንበኛ አይቀርለትም፤ ግን ጆሮ ክዳን የለውም፣ የገባው ነገር ቀኑን ሙሉ ሲያንሾካሹክባት ዋለ።

በአካባቢው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሦስት ናቸው። ኮረብታው ላይ ያለው የላይኛው ይባላል፣ ከወንዙ አጠገብ ያለው የታችኛው፣ በሁለቱ መሃል ያለው ደግሞ የገበያው። የሦስቱም ሹራብ አንድ ዓይነት ነው። ከዓመታት በፊት ወላጅ በወጪ እንዳይጎዳ ተብሎ ጥቁር ሰማያዊ እንዲሆን ተወሰነ፤ ከዚያ ወዲህ ልጆቹ የሚለዩት ደረታቸው ላይ ባለችው አርማ ብቻ ነው፦ ፋኖስ ከሆነ የላይኛው፣ መጽሐፍ ከሆነ የታችኛው፣ ዛፍ ከሆነ የገበያው። ከመንገዱ ማዶ ሌሎች ሁለት ሰፊዎች ቢኖሩም አብዛኛው ሥራ የሚመጣው ወደ እሷ ነው። የየትኛው ትምህርት ቤት ልጅ ክርኑ ቶሎ እንደሚሳሳ፣ የየትኛው ልጅ ኪሱ በድብድብ እንደሚቀደድ፣ የየትኛው እናት ሹራቡን ለሦስት ዓመት እንዲበቃ አስፍታ እንደምታሰፋ ታውቃለች። ይህን ሁሉ ያወቀች ሴት የራሷን ልጅ የት እንደምታስገባ አላወቀችም። የመምረጫው ቅጽ ደግሞ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ለትምህርት ቢሮው መግባት አለበት።

ቅጹን ማለዳ ያመጣችላት የባሏ ታላቅ እህት ናት። በላይኛው ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ የሰው ልጅ መቼ እንደተወለደ ከወለደችው እናት በፊት ስለምታስታውስ ሰፈሩ ሁሉ «መዝገቧ» ይላታል። ወንበር ሲቀርብላት «ረፍዶብኛል» ብላ አልተቀመጠችም። ቅጹን የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠች፤ ከቦርሳዋም ሌላ ወረቀት አውጥታ፣ ደንበኛ ራሱን በሚያይበት ረጅም መስታወት ላይ በፕላስተር ለጠፈችው። ቢሮው ያወጣው የሦስቱ ትምህርት ቤቶች ማወዳደሪያ ነው። አምና የላይኛው መቶ ሃያ አስፈትኖ መቶ አስራ ስድስት አሳልፏል። የታችኛው መቶ ሃምሳ አስፈትኖ ስድሳ ስድስት። የገበያው እንደ ስሙ መሃል ላይ ነው፤ እሱ ግን ሞልቻለሁ ብሎ ዘንድሮ በሩን ስለዘጋ የሚመረጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው። «ለሠራተኛ የምትሰጠው አንድ ቦታ በኔ ስም አለች፤ ለልጅሽ አስይዤላታለሁ። አንቺ ፈርመሽ ማስገባት ብቻ ነው» አለች መዝገቧ። ልብስ ሰፊዋ ደስ ሊላት ሲገባ ሆዷ ተጠራጠረ። «እትዬ፣ ቦታዋ የልጅዎ አይደለችም እንዴ? እሱ ገና እዚያው አይደል?» መዝገቧ መነጽሯን አውልቃ በሻርፗ ጫፍ ጠረገችውና «እሱማ ሊጨርስ ነው» አለች። የጠረገችውን መነጽር እንደገና ጠረገችው። ከዚያ ሄደች።

በአስራ አምስት ዓመት የዘመድነት ዘመናቸው መዝገቧ ሳትጠየቅ የሰጠቻቸው ነገር ቢኖር ምክር ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ተግሳጽ ይበዛበታል። ዛሬ ምን ተገኝቶ ነው ሁሉ ሰው የሚሻማበትን ወንበር በእጇ ይዛ በማለዳ የመጣችው? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ልብስ ሰፊዋ ለባሏ ስልክ ደወለች። ባሏ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነው፤ ከኋላው ጥሩምባ ይሰማል። «እህቴ ካለችማ ምን ትመረምሪያለሽ? ፈርሚ እንጂ» አለና መብራቱ በርቶለት ነው መሰል ዘጋው። ለእሱ እህቱ ያለችው ነገር ማህተም የተመታበት ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን በእጇ ያልዳሰሰችውን ጨርቅ ስትገዛ አታውቅም፣ ልጇን ደግሞ በሰው ቃል ልትሰጥ አልፈለገችም።

ሴትየዋ ያመጣችውን ሹራብ አንስታ ፋኖሱን መፍታት ጀመረች። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ክሩን ከጀርባ በኩል አንድ በአንድ በጥሳ፣ ለቅማ፣ ጨርቁን በእንፋሎት አስነስታ ስትተኩሰው ነው ቦታው የማይታወቀው። ፈትታ ስትጨርስ አርማውን እንደ ልማዷ ወደ መሳቢያው ወረወረችና እጇን ልትመልስ ስትል ቆመች። መሳቢያው ውስጥ ያለው ሁሉ ቢጫ ነው። ስትሠራ አንድ በአንድ ነው የምትጥላቸው፣ አንድ ላይ አይታቸው አታውቅም። ያገለገለ የመጽሐፍ አርማ መሳቢያ ውስጥ አያድርም፤ አቅም ያነሰው ወላጅ በግማሽ ዋጋ ይወስደዋል። ያገለገለ ፋኖስ ግን ጠይቋት የሚያውቅ የለም። ወደ ላይኛው የሚገባ ልጅ በአዲስ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ፋኖሱ ይወጣል እንጂ አይመለስም። ዓመቱ ሲያልቅ መሳቢያውን የምትገለብጥበት የብስኩት ቆርቆሮ ከመደርደሪያው ላይ አለ፤ የአምናው። አወረደችውና የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ዛፍ አራት። ፋኖስ ግን ቆጥራ ቆጥራ ሠላሳ ስምንት ላይ ደረሰች። ሠላሳ ስምንቱንም በእጇ ፈትታለች፣ ለሠላሳ ስምንቱም «ቤት ቀየርን» ተብላለች። አንዳንዱማ እውነት ይሆናል አለች በሆዷ። ግን እንዴት ነው ቤት የሚቀይር ሰው ሁሉ ቁልቁል ብቻ የሚሄደው?

ስድስት ሰዓት ላይ ሱቋን ዘግታ፣ የታችኛው ትምህርት ቤት ያዘዘውን አስራ ሁለት ሹራብ በማዳበሪያ ተሸክማ ወረደች። ሌላ ጊዜ ለበር ጠባቂው ሰጥታ ነው የምትመለሰው። ዛሬ ግን «ለምክትሉ በእጄ ነው የማስረክበው» ብላ ገባች፣ እንደ ቤት ተከራይም ዓይኗን እያንከራተተች ሄደች። ከስምንት ክፍል በስድስቱ መምህር አለ፤ በሰባተኛው ተማሪዎቹ ራሳቸው ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፤ በስምንተኛው ጠረጴዛ ይመታል። ሁለት መስኮት በመስታወት ፋንታ ካርቶን ተለጥፎበታል። የቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ «ከ4 እስከ 8 ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል፤ ገና ስድስት ከሩብ ነው፣ በሩ ላይ ግን ቁልፍ ተንጠልጥሏል። የመጸዳጃ ቤቱን ሽታ ነፋሱ ያመጣዋል። ልጇን እዚህ ግቢ ውስጥ ቆማ አሰበቻት። መዝገቧ ይህን ነው በመስታወቱ ላይ የለጠፈችልኝ፣ እውነቷን ነው አለች።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ የሒሳብ መምህርም ነው። እጅጌው ላይ ጠመኔ አለ፣ ሹራቦቹን እየቆጠረ ይቀበላል። ልብስ ሰፊዋ ነገር ለማውጣት ያህል «ዘንድሮም ከላይ የሚወርድላችሁ በዝቷል መሰል፤ ሥራ አበዛችሁብኝ» አለችው። ሰውየው ቀና ብሎ አያት። «አይተሽዋል ማለት ነው?» አለ። «ፈተና ሲቃረብ ነው የሚመጡት፣ ዕቃ ሳይሆን ልጅ የሚያራግፍ መኪና የመጣብን ነው የሚመስለው። እነሱ ያላሳለፉት እዚህ ይወድቅና በእኛ ስም ይጻፋል። ቢሮው ይሄን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የተፈተነና ያለፈ ብቻ ነው።» «እናንተስ? ደካማውን ወዴት ነው የምትልኩት?» ሰውየው ሳቀ፣ ሳቁ ግን ደስታ የለበትም። «ከኛ በታች ወንዙ ነው ያለው እናቴ። ወዴት እንላከው?» ቀጥሎም ላብራቶሪያቸው ቁልፍ እንጂ ዕቃ እንደሌለው፣ የፊዚክስ መምህር ካጡ አራት ወር እንዳለፋቸው ሳትጠይቀው ነገራት። እሱንም ጠረጠረችው። ጎበዝ ተማሪ የራበው ሰው ስለ ጎረቤቱ ምን ይላል ተብሎ ይጠበቃል? ሁሉም ለጉሮሮው ነው። ሆኖም ሊያታልላት የፈለገ ሰው ስለሌለው የፊዚክስ መምህር ለምን ይነግራታል ስትል ደግሞ ሐሳቧ ተገለበጠ።

የእረፍት ደወል ተደውሎ ልጆቹ ግቢውን ሞሉት። በመሃላቸው ወደ በሩ እየሄደች ሳለ፣ ከቧንቧው ጎን የቆመ ረጅም ልጅ ሹራብ ላይ ዓይኗ ተተከለ። በግራ ደረቱ የመጽሐፍ አርማ አለ፣ ጠርዙ ተወላግዶ ተሰፍቷል። በቀኝ ደረቱ ደግሞ አርማ የለም፤ ግን ሹራቡ በፀሐይ ከነጣ በኋላ ያልነጣች አንዲት ጥቁር ክብ አለች፣ ፋኖስ የሚያህል። በአካባቢው አርማ በቀኝ የለበሰ ልጅ አንድ ብቻ ነው። ከአራት ዓመት በፊት የመዝገቧ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ፣ ልብስ ሰፊዋ ሹራቡን ፊት ለፊት ዘርግታ እንደ መስታወት ምስል ተሳስታ ፋኖሱን በቀኝ ሰፋችው። «ልፍታልህና ላስተካክለው» ብትለው «ተይው፣ ልቤ በቀኝ ነው እላለሁ» አላት። ከዚያ ወዲህ ሹራብ በቀየረ ቁጥር እየለመነ በቀኝ ነው የሚያሰፋት፣ ቤተሰቡም «ቀኙ» ብሎ ነው የሚጠራው። ልጁ አያት። አንገቱን ደፋና ክርኑን አጥፎ ጥቁሯን ክብ በእጁ ሸፈናት፤ ከዚያ ከጓደኞቹ ኋላ ተሰወረ።

ወደ ኮረብታው ስትወጣ ትንፋሽ አጠራት፣ ግን አላረፈችም። የላይኛው ትምህርት ቤት ዘበኛ ስሟን አስመዝግቦ፣ አስፈርሞ፣ መታወቂያዋን ይዞ ነው ያስገባት። ግቢው ሣሩ ተከርክሟል። መግቢያው ላይ አምና ያለፉት መቶ አስራ ስድስት ልጆች ፎቶ በመስታወት ውስጥ ተደርድሯል። ከየክፍሉ የመምህር ድምፅ እንጂ የተማሪ ድምፅ አይሰማም፣ መጸዳጃ ቤቱ እንኳ የሳሙና ሽታ አለው። እውነቱ ይነገር ከተባለ ያማረ ትምህርት ቤት ነው፣ ስታየው ቀናች። መዝገብ ቤቱ ከኮሪደሩ ጫፍ ነው። አንድ መስኮት፣ እስከ ጣሪያ የደረሰ የፋይል መደርደሪያ፣ ሁለት ጠረጴዛ፤ አንዱ ላይ የሚቀመጥ ሰው የለም። መዝገቧ ማህተም እየመታች ነበር። «ፈረምሽ?» አለች ቀና ሳትል።

«እትዬ፣ ቀኙን አየሁት።»

መዝገቧ ሦስት ወረቀት ላይ ማህተም መታች። አራተኛውን ስታነሳ እጇ አየር ላይ ቀረ። «የት?»

«ታች። ጥቁሩ ይታይበታል።»

መዝገቧ ተነስታ በሩን ዘጋች፣ ተመልሳም ወንበሯ ላይ ሳይሆን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ እንዲህ ስትቀመጥ አይታት አታውቅም። «በምላጭ ነው የፈታሁት» አለች። «ወዳንቺ ላምጣው ብዬ ሁለት ቀን በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ። ምን ብዬ ልስጥሽ? ላንቺ ቤት ቀየርን አይባል፣ ቤቴን ታውቂዋለሽ።» ልብስ ሰፊዋ ቆማ አዳመጠቻት። ከስድሳ በታች ያመጣ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ወላጁ ይጠራል። ማንም ውጣ አይለውም፤ «ለልጁ ቢቀል ይሻላል» ይባላል፣ ሻይ ይቀርባል። እንቢ ያለ እንደሆነ በፋይሉ ላይ ስለ ጠባዩ የሚጻፍ ነገር አይጠፋም። ከዚያ የመሸኛ ደብዳቤ ይሠራለታል። «ደብዳቤውን ማን ይጽፈዋል?» ብላ ጠየቀቻት። መዝገቧ ባዶውን ጠረጴዛ አየችው። «እዚህ ቤት ከኔ ሌላ ማን አለ? የልጄን ራሴ ነኝ የጻፍኩት። ምክንያት፦ የመኖሪያ ቦታ ለውጥ። ሃምሳ ስምንት ነው ያመጣው። ሁለት ነጥብ ነው የጎደለችው። እንቢ ብል ወንበሬን አጣለሁ፣ አባቱም የለ፣ በምን አሳድገዋለሁ?»

ልብስ ሰፊዋ አዘነችላት፣ ግን ጥርጣሬዋ አልለቀቃትም። ይህቺ ሴት ልጄን ወደዚህ የምትጠራት አዝናላት ነው ወይስ የልጇን ባዶ ቦታ የሚሸፍንላት የዘመድ ልጅ ፈልጋ? «ታዲያ ይህን እያወቁ የኔን ልጅ ለምን?» አለች። «ያንቺ ልጅ ዘጠና ነው ያላት። እሷን ማንም አይነካትም። ትምህርቱ ደግሞ እውነት ጥሩ ነው፤ እሱን ልዋሽሽ አልችልም።» «ቀኙስ? የዛሬ አራት ዓመት ሲገባ ስንት ነበረው?»

መዝገቧ ማህተሙን አንስታ በሳጥኑ ውስጥ መለሰችው፣ ክዳኑንም ገጠመች። የሰው ልጅ ውጤት ከነአስርዮሹ የምታስታውስ ሴት ለዚህኛው ጊዜ ወሰደባት።

«ዘጠና አንድ» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ሱቋ ስትደርስ አስር ሰዓት ሊሆን ነው። ልጇ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ደጃፉ ላይ ቆማ ትጠብቃታለች። አስራ አራት ዓመቷ ነው፣ ገና አፍ ከፈታች ጀምሮ «ለምን» ስለምትል አባቷ «ጥያቄ» ብሎ ሰይሟታል። ልብስ ሰፊዋ ለመደበቅ አልሞከረችም፤ ከጥያቄ የተደበቀ ነገር ቤት ውስጥ አንድ ሳምንት ቆይቶ አያውቅም። ሠላሳ ስምንቱን ፋኖስ አሳየቻት፣ ከምክትሉ የሰማችውን ነገረቻት። ልጅቱ የልብስ ጠመኔ አንስታ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ማስላት ጀመረች። «ሠላሳ ስምንቱም ወድቀው ነው እንበል። ወደ ላይ ብንመልሳቸው ተፈታኙ መቶ ሃምሳ ስምንት ይሆናል፤ ያለፈው ያው መቶ አስራ ስድስት።» ከመቶ ሰባ ሦስት አለችና ጻፈች። ከታችኛው ላይ ሠላሳ ስምንት ቀንሳ ደግሞ ከመቶ ሃምሳ ዘጠኝ ጻፈች። መስታወቱ ላይ ያለውን ወረቀትና ጠረጴዛውን አፈራርቃ አየች። ዘጠና ሰባትና አርባ አራት የነበሩት በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ጎረቤት ሆነው ቁጭ አሉ። «ማዶ ያሉት ሰፊዎችስ? እነሱም ቆርቆሮ የላቸውም?» አለች። እናቷ በመስኮቱ ወደ ማዶ ተመለከተች። «አሁንም ግን የላይኛው ይበልጣል እማ።»

«ይበልጣል» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አይቼዋለሁ፣ ያምራል። የታችኛው የፊዚክስ መምህር እንኳ የለውም።» ከዚያም ሳትፈልግ፣ ግን ካልነገረቻት ራሷም እንደ ማወዳደሪያው ወረቀት እንደምትሆን ስለተሰማት፣ የቀኙን ነገር ነገረቻት። በዘጠና አንድ እንደገባ፣ ደብዳቤውን ማን እንደጻፈለት። ልጅቱ ጠመኔዋን አስቀመጠች። ስትጠይቅ ድምጿ የሕፃን ነበር።

«እኔ አንድ ዓመት ብደክም፣ የኔንም ደብዳቤ አክስቴ ናት የምትጽፈው?»

ልብስ ሰፊዋ ቅጹንና እስክሪብቶውን ገፋችላት። አትጻፊም፣ ጻፊም አላለቻትም። ልጅቱ ጻፈች፣ እናቷ አንብባ ፈረመች። ልጄን ወደ ጉድጓድ እየወረወርኳት ቢሆንስ? የሚለው ሐሳብ እስከ ትምህርት ቢሮው መስኮት ድረስ ተከተላት። ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል ተራው ደረሳት። የመስኮቱ ሠራተኛ ቅጹን አየና መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። «ዘጠና ይዛ ታችኛው? ተሳስታችሁ እንዳይሆን። የላይኛው ዝርዝር ላይ ስሟ አለ እኮ።» «አልተሳሳትንም» አለችው። ከኋላቸው የተሰለፉት ወላጆች ወሬ አቆሙ። አንዷ ልጅቱን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ለጎኗ ሰው በሹክሹክታ «አንድ ነገር ቢኖራት ነው እንጂ» አለች። ልብስ ሰፊዋ ሰማቻት። ጠዋት ሌላውን ስትጠረጥር ቆይታ አሁን ተራው የሷ ሆነ፤ ሳቋ መጣ፣ ደረሰኙን ተቀብላ የልጇን እጅ ይዛ ወጣች።

ሱቁን ልትዘጋ ስትል መዝገቧ መጣች። የሥራ ልብሷን አልቀየረችም፣ በእጇ ፌስታል ይዛለች። ጠዋት እንቢ ያለችውን ወንበር ማንም ሳያቀርብላት ሳበችና ተቀመጠች፣ ከፌስታሉም የቀኙን ሹራብ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። «ባንቺ እጅ ይሁን» አለች። ልብስ ሰፊዋ መብራቱ ሥር አስጠግታ አየችው። ምላጩ ከክሩ ጋር ሹራቡንም ቆርጦታል፤ በጥቁሯ ክብ ጠርዝ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ፣ አንዱን በነጭ ክር ለመድፈን ተሞክሯል። በግራ በኩል ያለው መጽሐፍ መርፌ መያዝ የማያውቅ እጅ የሰፋው ነው። መጽሐፉን ፈታችው፣ ቀዳዳዎቹን ከውስጥ ደፈነች፣ መጽሐፉንም ወደ ቀኝ አዙራ በጥቁሯ ክብ ላይ ትሰፋው ጀመር። ጥያቄ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሆና ክር ትቆርጥላታለች፣ ለአክስቷ ግን ገና ቀና ብላ አላየቻትም። ባሏ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ለእሱ ምን ብላ እንደምትነግረው ልብስ ሰፊዋ ገና አላሰበችበትም።

የቢሮው ደረሰኝ የስፌት መኪናው ጎን፣ መቀሱ ሥር ነበር። መዝገቧ ወረቀት አይታ ሳታነብ ማለፍ አትችልም፤ ሳብ አድርጋ አነበበችው። የልጅቱን ስም አነበበች፣ የትምህርት ቤቱን ስም አነበበች፣ ተመልሳ ደግሞ ከላይ ጀመረች። ልብስ ሰፊዋ መኪናውን አቆመችና ቁጣውን ጠበቀች፤ ያስያዘችላቸውን ወንበር በእግራቸው የገፉባት ሴት የምትለው ብዙ ነገር ይኖራል። መዝገቧ ግን ደረሰኙን አጣጥፋ በነበረበት፣ መቀሱ ሥር መለሰችው። ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት ማህተም የመታችበትን ቀኝ እጇን በግራ እጇ ያዘችው፤ መነጽሯን ሳታወልቅ ነው ያለቀሰችው።

«እንኳንም የሷን ደብዳቤ አልጽፍም» አለች።